ትዝታ በ63.8

ጋዜጠኝነት የተማርነው ከሒሳብ ሸሽተን ነው፤ እንዋሽ እንዴ? እግዜር ግን ቀልድ ያውቃልና ቤት ስንከራይ ፕሮግራመር ጓደኛ ጣለብን። ቀን ለቢሮ ኮድ ትጽፋለች፣ ማታ ለራሷ ትጽፋለች። የማታው ኮድ ይዘፍናል። ጎረቤት እስኪያንኳኳ አብረናት እንሰማለን።

መሣሪያዎቿን እናስተዋውቃችሁ። አንደኛው ቪም ነው፤ ሆላንዳዊው ብራም ሙለናር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የጽሑፍ ማረሚያ። መልኩ ደረቅ ነው፤ ማውዝ ባይኖርም ግድ የለውም። የእኛ ልጅ የምትወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። በየ200 ፊደሉ ወይም ጣቷ ለ4 ሰከንድ ባረፈ ቁጥር የጻፈችውን በጎን ያስቀምጥላታል። የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ ሥራዋ አብሮ አይሄድም። ሙለናር እ.ኤ.አ. በ2023 ከማረፉ በፊት ለፕሮግራሙ ዋጋ አልጠየቀም፤ ከወደዳችሁት የኡጋንዳን ወላጅ አልባ ሕፃናት እርዱ ነበር የሚለው።

ሁለተኛው ሶኒክ ፓይ ነው። ሳም አሮን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2012 ለተማሪዎች ብሎ የጀመረው ነጻ ፕሮግራም። ቁጥር ይጻፍለታል፣ ድምፅ ያወጣል። 60 የፒያኖው መካከለኛ ዶ ነው። 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ተብሎ ሲደረደር ትዝታ ሜጀር ይመጣል። መጀመሪያ የሰማን ቀን ጮቤ ረግጠናል።

ጓደኛችን ግን ፊቷ አልፈታም። «ትዝታስ ትዝታ ነው፤ የአጎቴ ትዝታ ግን አይደለም» አለች። አጎቷ ክራር ይጫወታሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ፒያኖ ኦክታቭን ለ12 እኩል ይከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሚዲ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያም ቁጥሮቹን ያደለው በዚሁ ልክ ነው። ክራር እዚህ ውል ላይ አልፈረመም፤ የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮ ነው። ስለዚህ የአጎቷን ክራር በስልክ ቀድታ፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ የድምፅ ማቀናበሪያ ክር በክር ለካችው። መነሻውን 60 ብላ ስትቆጥር ሦስተኛው ድምፅ ከ64 ትንሽ ዝቅ ይላል። 63.8 ብላ ጻፈች። ሶኒክ ፓይ ነጥብ ያለው ቁጥር አይጠየፍም። ይኼኔ አጎትየው ቤታችን ገቡ!

ለአንዲት ነጥብ ይህ ሁሉ ወሬ ትሉን ይሆናል። ኪቦርድ ሠርጋችንን ከወረሰ ሰንብቷል። እንደተሠራ 64ን ብቻ ከመታ፣ ጆሯችንም 64ን ብቻ ይለምዳል። ከዚያ አንድ ቀን የሽማግሌውን ክራር ሰምተን «ቅኝቱ ተበላሽቷል» እንላለን። የተበላሸው ግን ጆሯችን ነው።

ዜማን በፊደል መጻፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከቃሉ በላይ አንድ ሁለት ፊደል ያኖራሉ፤ ያቺ ምልክት መሪጌታው በቃሉ ያጠናውን ሙሉ የዜማ ሐረግ ትጠራለች። ይህን ስንነግራት ጓደኛችን «ፈንክሽን ነዋ!» ብላ ሳቀች። ፕሮግራመሮችም በአጭር ስም ረጅም ሥራ ይጠራሉ።

መሣሪያው ነጻ ነው፤ ትዝታውን የያዘው ፋይልም ከአንድ ፎቶ ያንሳል። እጥረቱ የሚለካ ሰው ነው። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እኛ ቤት ገና ተራ እየጠበቁ ናቸው። አጎትየው ደግሞ 70 ዓመት አልፏቸዋል።