ረመጥ ፍለጋ

ይህ ጽሑፍ ሲጀመር የክፍል ሥራ ነበር። «የሳይንስ ዘገባ ጻፉ» ተባልን። ጓደኞቼ የጣናን እምቦጭ፣ የአፈሩን መሸርሸር፣ የወባውን ነገር ተሻምተው ወሰዱት። እኔ እንደ ልማዴ አርፍጄ ስደርስ ከምድር የቀረ ርእስ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ሰማይ አንጋጠጥኩ። የጋማ ጨረር ፍንዳታ የሚባል ነገር አገኘሁና «ይሄንስ የሚሻማኝ የለም» ብዬ ያዝኩት።

መምህራችን አንድ ሕግ አላቸው። «ቀኑን ያላጣራ ጋዜጠኛ ተረት አውሪ ነው» ይላሉ። እኔም ከሁሉ በፊት ቀኑን አጣራሁ። እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ የደመቀው ፍንዳታ መሬት የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 9 ቀን 2022 ነው። ወደ እኛ ስመልሰው እሑድ፣ መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሆኖ ወጣ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። መቼም ሰው ዕድሜውን ሙሉ የማይረሳው ቀን አለው። የእኔ ያ ነው።

* * *

ያን ሰሞን የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበርኩ። ብሔራዊ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠው በዚያ ዓመት ነው። እኛ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ሰኞ መስከረም 30 ልንጀምር ቀደም ብለን ገባን። ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም ነበርና ከቤተሰብ ጋር የነበረን ወሬ ሁሉ በሩ ላይ ቀረ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሣር ላይ ተቀምጠን ጂኦግራፊ እንጠያየቃለን። አንዱ «ያንተው ጉና ስንት ሜትር ነው?» ሲለኝ «ከ4100 በላይ» አልኩት። ተሳሳቅን። የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ ጉናን አለማወቅ ያሳፍራላ!

በዚያው ሰዓት ከጉና ሥር፣ ፋርጣ ውስጥ ባለችው መንደራችን፣ ሰዎች ከቀብር ተመልሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የተቀበረችው እምዬ ናት። አያቴ፣ ያሳደገችኝ። ቅዳሜ ሌሊት አርፋ፣ እሑድ በበዓለ ወልድ ዕለት ተቀበረች። እኔ ይህን የት አውቄ! ያን ምሽት ሙሉ ጨረቃ ወጣች። አየኋትና ለነገው ፈተና እንዲቀናኝ ተመኘሁ፤ ተኛሁም።

* * *

ወደ ዘገባው ልመለስ። የጋማ ጨረር ከብርሃን ወገን ነው። ግን ዓይናችን አያየውም፣ ጉልበቱም ከሚታየው ብርሃን እጅግ የበለጠ ነው። አየራችን ስለሚያስቀረው ጉና ጫፍ ላይ ወጥተን ብንጠብቀው እንኳ አይደርሰንም። የሚጠብቁት ከአየር በላይ ያሉ ሳተላይቶች ናቸው። መጀመሪያ ያገኙትም ሳይፈልጉት ነው። በ1955 ዓ.ም. የኑክሌር ሙከራን የሚገድብ ውል ሲፈረም፣ አሜሪካ ውሉን የሚጥስ እንዳይኖር የሚሰልሉ «ቬላ» የተባሉ ሳተላይቶችን ወደ ሰማይ መላክ ጀመረች። ሰኔ 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ሳተላይቶቹ አንድ ብልጭታ መዘገቡ። ሲጣራ የቦምብ አልነበረም፤ የመሬትም የፀሐይም አልነበረም። ነገሩ ለዓለም የተነገረው በ1965 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት የቆየ ወሬ!

ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ችግሩ አንድ ነበር። ፍንዳታው አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንዶች ወይም በደቂቃዎች ያልቃል። «ከየት መጣ?» ሲባል «ከዚያ ማዶ» ከማለት በቀር ቁርጥ ያለ ቦታ የሚጠቁም አልተገኘም። ቦታው ካልታወቀ ርቀቱ አይታወቅም፤ ርቀቱ ካልታወቀ ጉልበቱን ማስላት አይቻልም። መውጫው፣ ያለፈውን ፍንዳታ ትቶ ፍንዳታው የተወውን መፈለግ ሆነ። ሳይንቲስቶቹ «አፍተርግሎው» ይሉታል። እኔ «ረመጥ» ብዬዋለሁ። ምክንያቴን ስሙኝ።

እምዬ ማታ ማታ ምድጃዋን ታዳፍን ነበር። ፍሙን ትሰበስብና አመድ ታለብሰዋለች። ላየው ሰው የሞተ ምድጃ ነው። ጠዋት እኔ ጭራሮ ይዤ አጠገቧ ቁጢጥ እላለሁ፤ እሷ አመዱን ገለጥ ገለጥ ታደርግና አንዲት ቀይ ፍም ታወጣለች። የዘገየን ቀን ግን አመድ ብቻ ነው የምናገኘው። ያኔ ገል ይዤ ከጎረቤት እሳት ልጭር እሮጣለሁ። «ፍም ሰው አይጠብቅም፣ ቶሎ በል!» ትለኝ ነበር።

የሰማዩም እንዲሁ ነው። ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ወደ ውስጡ ሲደረመስ ጥቁር ጉድጓድ ይወለዳል። ከመሐሉም የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስ ምንም ያልቀረው ቀጭን ጅረት ይወረወራል። ጅረቱ ወደ እኛ ከዞረ የጋማ ጨረሩ ይደርሰናል። (አጫጭሮቹ ፍንዳታዎች ደግሞ ሁለት የሞቱ ኮከቦች ሲላተሙ የሚመጡ ናቸው፤ ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቡሄ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እንዲህ ያለው ግጭት ታይቷል።) ከዚያ ጅረቱ በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ይጋጭና በኤክስሬይ፣ በሚታይ ብርሃንና በሬዲዮ የሚያበራ ረመጥ ይተዋል። ረመጡ ከሰዓት ወደ ሰዓት ይደበዝዛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘው የካቲት 21 ቀን 1989 ዓ.ም. የታየው ፍንዳታ ረመጥ ነው። ቤፖሳክስ የተባለው የጣሊያንና የሆላንድ ሳተላይት በሰዓታት ውስጥ ኤክስሬዩን አገኘ። በላ ፓልማ ደሴት ባሉ ቴሌስኮፖች በተለያየ ቀን የተነሱ ሁለት ፎቶዎችም ጎን ለጎን ተደረጉ። በፊተኛው ላይ የነበረች አንዲት ነጥብ በኋለኛው ላይ ጠፍታለች። በቃ፣ ረመጡ እሷ ነበረች! በዚያው ዓመት ግንቦት የሌላ ፍንዳታ ርቀት ተለካ፤ ነገሩ በቢሊዮን በሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቀት የሚሆን መሆኑ ተረጋገጠ። እኔ በተወለድኩበት በ1997 ዓ.ም. ደግሞ «ስዊፍት» የተባለ ሳተላይት ወደ ሰማይ ወጣ። ስዊፍት ብልጭታ ሲያይ ሰው ሳያዝዘው ራሱን ወደዚያ ያዞራል፤ ቦታውንም ወዲያው ወደ ምድር ይልካል። መልእክቱ የደረሳቸው ሁሉ ቴሌስኮፓቸውን ወደዚያው ያዞራሉ። ቶሎ በል ነው ነገሩ።

* * *

አሁን ወደዚያች እሑድ እንምጣ። በ10 ሰዓት ከ17 «ፌርሚ» የተባለው ሳተላይት ክሪስታሎች ብልጭ አሉ። ክሪስታሎቹ የጋማ ጨረር ሲመታቸው የሚያበሩ፣ የጨው ዘመድ የሆኑ ነገሮች ናቸው። ጨረሩ ከመብዛቱ የተነሳ ብዙዎቹ መሣሪያዎች መቁጠር አቃታቸው። ላይኛው አየራችን እንኳ ተረበሸ። እንዲህ ያለው በ10 ሺህ ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነው ብለው ገምተዋል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ፍንዳታው የመጣበትን አቅጣጫ ሳሰላው፣ በዚያ ሰዓት በቀጥታ ከህንድ በላይ ነበር። ለእኛም ከአድማስ በላይ፣ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ነበር። እኔ ሣር ላይ ሆኜ ጉናን ስለካ፣ ዘመዶቼ ድንኳን ውስጥ ሲያለቅሱ፣ በሁላችንም ሰማይ ላይ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ያወቀ የለም።

ስዊፍት ረመጡን ያገኘው ከ53 ደቂቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ሰዎቹ ተሳሳቱ። ከራሳችን ጋላክሲ የመጣ፣ ቅርብ ያለ ነገር መሰላቸው። የፌርሚው መዝገብ ሲታይ ነው ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው። ቺሊ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕ በማግስቱ ሳይነጋ ርቀቱን ለካ፤ ብርሃኑ ጉዞ ከጀመረ 1 ነጥብ 9 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል። ቅርብ የመሰላቸው ይህን ያህል ሩቅ ነበር።

ረመጥ ፍለጋ የደቦ ሥራ ነው። ቺሊ ሲነጋባት ሌላ አገር ይመሻል፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል። እኛም እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ከዚህ ክፍል ተመርቆ የእነሱን ሥራ ለሕዝብ የሚዘግብ ሰው ቢወጣ ደስታዬ ነው።

* * *

ፈተናው አልቆ ስመለስ አጎቴ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። መቼም እንዲህ አድርገውኝ አያውቁም ነበርና ክብር መስሎኝ ደስ አለኝ። «እምዬስ?» አልኳቸው። «ደኅና ናት፣ ይልቅ ራበህ እንዴ?» አሉኝ። ማታ አበሉኝ፣ አስተኙኝ። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ዘመዶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። መርዶ ይህ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አገር ያወቀውን እኔ በአምስተኛው ቀን፣ አፈር ከለበሰች በኋላ ሰማሁ። «ዋሹኝ!» አልኩ። አጎቴን ለወራት በወጉ አላናገርኳቸውም።

ብቻ በዚያ ሳምንት ደብተር ገዝቼ ጎረቤቱን ሁሉ ስለ እሷ መጠየቅ ጀመርኩ። ያኔ ጋዜጠኝነት እማራለሁ ብዬ አይደለም፣ ጨንቆኝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ ጎረቤታችን ቅዳሜ ማታ እምዬ አጥሚት ጠጥታ «ጨው አነሰው» ማለቷን ነገረችኝ። ሌላዋ በቡሄ ዋዜማ ችቦ ስናበራ እኛን ልጆቹን እንዴት እንደምታባርረን እየሳቀች አወራችኝ። በአርባዋ ተዝካር ቀን ያችኑ ሴት መልሼ ስጠይቃት «ደግ ሰው ነበረች» ብላ ዝም አለች። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ረመጡ እየደበዘዘ ነበር።

* * *

በሳይንስ ዘገባዬ የመጨረሻውን ክፍል ሳነብ ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ለካ ረመጡ ሲደምቅ የሚሸፍነው ነገር አለ። የፈነዳው ኮከብ የራሱ ብርሃን ከረመጡ ሥር ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ስድስት ወር ያህል ጠብቀው፣ ረመጡ ደብዘዝ ሲልላቸው፣ «ዌብ» በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ መልሰው አዩ። የኮከቡን ፍንዳታ አገኙት። ያን ሁሉ ጉድ ያመጣው ኮከብ ከሌሎቹ የተለየ ድምቀት የሌለው፣ እንደ ብጤዎቹ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ስድስት ወር ማለት በእኛ መንፈቅ ነው። የእምዬ መንፈቅ ሲወጣ ንዴቴ በርዶልኝ ነበር። ያን ቀን ያች አጥሚት ያጠጣቻት ጎረቤታችን ድስት እያጠበች «እሷ'ኮ ናት እንዳይነገርህ ያለችው» አለችኝ። እጄ ላይ የያዝኩትን አስቀመጥኩ። «ልጁ ፈተና ላይ ነው፤ እኔ ሞትኩ ብላችሁ እንዳታባክኑት። ሲጨርስ ንገሩት» ብላ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ፣ ከአጥሚቱ በኋላ።

አጎቴ ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ቃሏን ጠበቅን እንጂ ደስ ብሎን መሰለህ?» አሉኝ። ለወራት ከአጎቴ የመጣ የመሰለኝ ነገር ከእሷ የመጣ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈተናውን አላለፍኩም። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3 ነጥብ 3 በመቶ ተማሪ ብቻ ነበር፤ እኔ ከብዙኃኑ ጋር ቀረሁ። ሬሜዲያል ገባሁ፣ በክልላችን ግጭት ምክንያት ጥሪው ሲዘገይ ቤት ተቀመጥኩ፣ አሁን ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ። እምዬ የገዛችልኝን አምስት ቀን ምን አደረግኩበት እያልኩ አስባለሁ። እንጃ። ደብተሯ ግን አለችኝ፤ 41 ገጽ ሞልታለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው የድስት አጣቢዋ ቃል ነው።

ዘገባው ለመምህራችን ገብቷል። «ቀኑን በደንብ አጣርተሃል» ብለው በቀይ ጽፈውበታል።

ቸር ወሬ ያሰማን።