በቮልስ ወደ ጨንቻ ዳገት

አንባቢ ሆይ! አርባ ምንጭን የሚያውቋት በአውቶቡስ መስኮት አይተው፣ ወይም በአውሮፕላን ከደመና በላይ መጥተው ከሆነ፣ ከተማይቱን እንጂ መንገዷን ገና አላዩም ብል እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። አውቶቡስ ለተሳፋሪው ባማረው ስፍራ ሁሉ አይቆምለትም፤ አውሮፕላንም ተራራውንና ሐይቁን እንደ ካርታ ዘርግቶ ያሳያል እንጂ የአገሩን ሽታ አያሸትትም። መንገድ የሚታወቀው በየኩርባው ቆም እያሉ ሲያዩት ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከአሮጌ ቮልስዋገን የሚሻል መኪና እስካሁን አልገጠመኝም፤ ነጂው መቆም ባይፈልግ እንኳ እርሷ ራሷ ታቆመዋለችና።

የእኔይቱ ቮልስ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሳለ ከሌላ ሰው እጅ የገዛት ናት። መጀመሪያ ነጭ ነበረች አሉ፤ ዛሬ የቅቤ መልክ ይዛለች። አባቴ ካረፈ በኋላ እኔ ወረስኳት፤ ጂኦግራፊ ለማስተማር አርባ ምንጭ ስመደብም ተከትላኝ መጣች። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለው የእናቴ ቤት ጣራው ያፈሳል። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ አንድ ሰው ጥሩ ዋጋ ሰጠኝና ሰኞ ጠዋት ቁርጡን እንድነግረው ቀጠረኝ። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ አንባቢዬ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ መናገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብዬ ቅዳሜ ማለዳ በ12 ሰዓት ወደ ጨንቻ ለመውጣት ተነሣሁ።

ከመነሣታችን በፊት ስለዚህች መኪና ጥቂት ልናገር። ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ፌርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፋት ይህች ጥንዚዛ መሰል መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥታለች። በእኛም አገር የመምህሩ፣ የሐኪሙና የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መኪና ሆና ኖራለች። ታሪክም አልራቃትም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስዋገን ነበር። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሳይሆን ነፋስ ስለ ሆነ፣ ራዲያተር ፈላ ብሎ በዳገት ላይ ውሃ ፍለጋ መሮጥ የለም። ነፋሱን የሚነፋው ማራገቢያ ግን የሚዞረው በአንድ ቀጭን ቺንጋ ነው። ይህን ነገር አንባቢዬ ያስታውሱልኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚያመጡት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ በሻሸመኔ፣ ሌላው በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል መጥተው ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። ከሶዶ ወዲህ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ ቆላው ይወርድና የዓባያን ሐይቅ በግራ፣ የጋሞን ተራሮች በቀኝ አድርጎ ይጓዛል። በምዕራብ ዓባያ በኩል ሲያልፉ ሙዝና ማንጎ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ያያሉ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ነጂ ሁለት ነገር ያጣል፤ ጥላውንና ጣዕሙን። ከብቶቹም ቢሆኑ መንገዱ የእነርሱ እንደ ሆነ ያውቃሉና አይቸኩሉም።

አርባ ምንጭ ራሷ እንደ ሁለት ከተማ ናት። ሲቀላ ከታች፣ ሴቻ ከላይ ተቀምጠዋል። ያን ቅዳሜ መጀመሪያ ወደ ሴቻ ወጥቼ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ይታያሉ። ዓባያ በስተ ሰሜን ነው፤ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ውሃው ግን ቀይ ቡና መስሏል። ጫሞ በስተ ደቡብ ነው፤ ስፋቱ ከዓባያ ግማሽ አይበልጥም፤ ውሃው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከዚህ ሆነው የማያዩዋቸው ግዙፍ አዞዎችም ይኖሩበታል። ጎረቤታሞች ሆነው መልካቸው የተለያየው፣ ከየተራራው በጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው ደለል በዓባያ ውሃ ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቀር ነው። እንግዲህ ያ ያማረ ቀይ መልክ የገበሬው አፈር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጫካ የለበሰ ኮረብታማ መሬት ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ለከተማይቱ ስሟን የሰጧት፣ የምትጠጣውንም ውሃ የሚሰጧት ምንጮች ይፈልቃሉ።

ከድልድዩ ማዶ ያለው የነጭ ሣር ሜዳ በ1966 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። በ1990 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በዚያ ፓርክ ውስጥ በመንገድ ላይ የሞተች አንዲት የሌሊት ወፍ ዘር ያልሆነች፣ በሌሊት የምትበር ወፍ አገኙ። ከአካሏ ሊወስዱት የቻሉት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ሲመረመር ከታወቁት ወፎች ከማንኛቸውም ጋር አልገጥም ስላለ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበች፤ የሳይንስ ስሟም በላቲን «አንድ ክንፍ ብቻ» ከሚል የተወሰደ ነው። አንባቢ ሆይ! እነዚያ ሰዎች በመኪናቸው ፈጥነው አልፈው ቢሆን ኖሮ፣ ዓለም ስለዚህች ወፍ ምን ያውቅ ነበር?

ከሴቻ ወርጄ በሲቀላ በኩል ወጣሁ። በዚህች ከተማ ጎዳና ሳልፍ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጥተው ሳለ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የሚለምንን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ወጣቶቹም ቆሙ። የሌላው ወገን ንብረትም ሕይወትም ተረፈ። መቆም ከመሄድ የሚበልጥበት ጊዜ እንዳለ ያ ቀን አስተምሯል።

ከከተማው በስተ ሰሜን ጥቂት እንደ ተጓዝኩ፣ የጨንቻ መንገድ ወደ ግራ በሚገነጠልበት ስፍራ አንድ ሽማግሌ የድርና የማግ ጥቅል ይዘው ቆመው አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ዶርዜ ነኝ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥህ» ብለው ገቡ።

ሸማኔ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ብዙ ዓመት ሸማ ሠርተው፣ በስተርጅና ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ጊዜ ሳይወስዱ «መምህር» ይሉኝ ጀመር።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር፣ ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ማለዳ ቆላን፣ ወይና ደጋንና ደጋን ያያሉ። ከታች ሙዝና ጥጥ፤ ከፍ ሲሉ በቆሎ፤ ከዚያ በላይ እንሰትና ቀርከሃ፤ ጫፍ ላይ ገብስና ዝነኛው የጨንቻ ፖም። ይህን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ቀለም ባለው ጠመኔ ስሥልላቸው ኖሬአለሁ፤ ተራራው ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእኔ አብልጦ ያስተምራል። አየሩ ሲሳሳ ግን የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳልና ከሁለተኛ ማርሽ ወደ አንደኛ ወረድኩ። ቮልሴ እያጉረመረመች፣ እግረኛ እየቀደማት መውጣቷን ቀጠለች።

ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ቀዩ መብራት በራ። ከኋላም «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቺንጋው ተበጥሶ ነበር። ቺንጋ የሌላት ቮልስ ማራገቢያዋ ስለማይዞር፣ «ጥቂት ልግፋ» ያለ ነጂ ሞተሩን ያቃጥላል። ወዲያው አቆምኩና ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግን። ከፊት ኮፈኑን ስከፍት አባቴ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ትርፍ ቺንጋ እዚያው ጥጉ ላይ አለ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ እኔ አንድ ቀን ፈትቼው አላውቅም ነበር። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከጠበቅሁ በኋላ በካቻቢቴና በቁልፍ እየታገልኩ አሰርኩት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«መምህር፣ ይኼ ጠብቋል» አሉ። «ድርም እንዲህ ሲወጠር ይበጠሳል፤ ሲላላ ደግሞ ሸማው ይበላሻል።»

እውነታቸውን ነበር። በፑሌጋው መካከል አንድ ቀጭን ቀለበት ጨመርኩና ቺንጋው በጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ገባ። መካኒኮች የሚያዝዙትም ልክ ይኸው ነው። ሸማኔው ግን መኪና ነድተው አያውቁም።

ዶርዜ ስንደርስ ካልገባህ አሉኝ። አንባቢዬ የዶርዜን ቤት በሥዕል አይተውት ይሆናል። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተፈተለ፣ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ፣ ፊቱ የዝሆን ራስ የሚመስል ረጅም ቤት ነው። ባለቤታቸው ትኩስ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረቡልን። ዳጣው ዕንባ ያስወጣል፤ ቢሆንም እጅ አይሰበሰብም።

«ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው፣ አባቴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አባቴ ሲሠሩት ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከዚህ ይረዝም ነበር።»

«ታዲያ ምን አሳጠረው?»

«ምስጥ ከሥር ይበላዋል። የተበላው ሲወገድ ቤቱ ዝቅ ይላል። ቦታው አልመች ካለ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል።»

«መጨረሻውስ?»

«መጨረሻማ ሁሉም ያልቃል» ብለው ሳቁ። «እስኪያልቅ ግን እንኖርበታለን።»

በዚህ ጊዜ መኪናዋን ልሸጣት እንደ ሆነ፣ ምክንያቱም የእናቴ ጣራ እንደ ሆነ ነገርኳቸው። «አትሽጥ» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላሉም። «ጣራ ከመኪና ይበልጣል» አሉ። ከዚያም ትንሽ አሰቡና «ስንት ቆርቆሮ ነው የሚፈልገው?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም ነበር። ጣራው ያፈሳል ሲባል ሰምቼ ደነገጥኩ፤ የመኪናይቱን ዋጋ ደመርኩ፤ ጣራውን ግን አልቆጠርኩም። ሽማግሌው ተገረሙ። «ሸማ ለማሠራት የሚመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ ስንት ክንድ እንደሚፈልግ ይናገራል» አሉ።

ተሰናብቼ እስከ ጨንቻ ወጣሁ። ጉሙ ወርዶ ስለ ነበር የመኪናዬን አፍንጫ እንጂ ሌላ አላየሁም። ስመለስ ግን ከአንዱ ኩርባ ላይ ጉሙ ተገልጦ ዓባያ በቀይ መልኩ ከታች ብቅ አለ። እዚያው አቁሜ ለእናቴ ስልክ ደወልኩ።

«ሙሉው ጣራ መቼ አፈሰሰ?» አለችኝ። «የጓዳው በኩል ነው እንጂ። አናጢው 12 ቆርቆሮ ይበቃዋል ብሏል። አንተ የሰማኸው ከማን ነው?»

ሰኞ ጠዋት ለገዢው «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። ይህ ውሳኔ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ለቆርቆሮውና ለአናጢው የሚሆነውን ለማግኘት አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን በግል አስጠናለሁ፤ ቮልሴም በደጄ ቆማ ትውላለች። ከክረምቱ በፊት ጓዳው ካልተከደነ ስህተቱ የእኔ ይሆናል። በየምሽቱ የማስበው ይህንን ነው።

አንባቢ ሆይ! የራስዎ መኪና ባይኖርዎም እንኳ አንድ ቀን ከሦስት ጓደኛ ጋር ገንዘብ አዋጥተው ይህን መንገድ ይሞክሩት። በማለዳ ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ይቀድምዎታልና። ሹራብ ይያዙ፤ ከቆላ ሲነሡ የማያስፈልግ ቢመስልዎም ጨንቻ ላይ ያመሰግኑኛል። ትርፍ ቺንጋ ይኑርዎ፤ ቀይ መብራት ሲበራም ወዲያው ይቁሙ። በመንገድ ዳር ጥቅል ይዞ የቆመ ሽማግሌ ካዩ ደግሞ አሳፍሯቸው። እርስዎ ያልቆጠሩትን ነገር ይጠይቁዎት ይሆናል።