በገፈርሳ ዳገት፦ ሊትሯ ስንት ትሄዳለች?

አስኮ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ዛሬ የምጓዘው በሰው መኪና፣ በአንዲት ያሪስ፣ ነው። የያሪሷ ባለቤት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሆለታ ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። እኔ አብሬያቸው የተሳፈርኩት በአምቦ መንገድ፣ በተለይም በገፈርሳ ዳገት ላይ፣ አንዲት መኪና ነዳጇን እንዴት እንደምትጨርስ በቅርብ ለማየት ነው። ቤንዚን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ገቢው በዚያው ልክ ያላደገ ባለመኪና ሁሉ የቀዳው ነዳጅ የት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የማደያው ልጅ ቀዳ። መቅጃው «ቀጭ» ብሎ ሲቆም ሒሳቡን ሙሉ ብር ለማድረግ ሊጨምር ሲል መምህሩ እጃቸውን አነሡ።

«በቃ የኔ ልጅ፣ እዚያው ላይ ተወው።»

ምክንያቱን ወንበራቸው ላይ ሆነው አስረዱኝ። የፍጆታው ልኬት የሚጀምረው መቅጃው በራሱ ከሚቆምበት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ እስከ «ቀጭታው»፣ ሌላ ጊዜ እስከ አፍ ድረስ ከተሞላ፣ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ስሌት ዋጋ የለውም። በላይ በላዩ የተጨመረው ቤንዚን ደግሞ የታንኩን ትነት ለማጣራት ወደ ተሠራው የከሰል ማጣሪያ ገብቶ ሊያበላሸው ይችላል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በአዲስ አበባ በቴሌብርና በመሳሰሉት ሆኗል፤ የመልስ ችግር ስለሌለ ሳንቲሙን ማጠጋጋት አያስፈልግም።

የጉዞ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ አደረጉና ከዳሽቦርዱ ኪስ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ ብር ጻፉ። አምስተኛው ዓምድ «አስተያየት» ይላል፤ እሱን ባዶ ተዉት።

አስኮ ሲያልቅ

«ጋሼ፣ ጌጁ እያለ ደብተር ለምን አስፈለገ?» አልኳቸው።

«ጌጁ ስንት እንደቀረኝ በግምት ይነግረኛል። ስንት እንደምትበላ ግን አያውቅም።»

ታንክ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ በክንድ ላይ ሆና ከነዳጁ ጋር ከፍ ዝቅ ትላለች። ታንኩ ግን ከመኪናዋ ሆድ ጋር እንዲስማማ ተጣምሞ የተሠራ ስለሆነ፣ ተንሳፋፊዋ አንድ ጣት ብትወርድ ላይ የሚጎድለውና ታች የሚጎድለው እኩል አይደለም። መርፌው ከሙላት በኋላ ብዙ ኪሎ ሜትር ተገትሮ የሚቆየው፣ ከግማሽ በታች ሲሆን ደግሞ የሚሮጥ የሚመስለው ለዚህ ነው። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል መርፌውም ይዋዥቃል። እንደዚህ ባለ መንገድ ላይ በመርፌ የሚመራ ሰው ሳያስበው መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ከፊታችን ያለው ሃይአስ ሚኒባስ ቆመ፤ ሰው አወረደ፤ ተነሣ፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ቆመ። መምህሩ ርቀታቸውን ጠብቀው ቀስ እያሉ ይከተሉታል፤ ፍሬን የነኩት አልፎ አልፎ ነው። ሙሉ የጫነ ሚኒባስ 2 ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ይፈጃል፤ ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል ነው። ፍሬን ሲያዝ ያ ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ሰላሳ ጊዜ ቆሞ የተነሣ ሚኒባስ ለመነሣት ብቻ አንድ ሊትር ገደማ አቃጥሏል ማለት ነው። ሾፌሩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ተሳፋሪው እጁን ባነሣበት ሁሉ ካልቆመ እንጀራው ይጎድላል። በአግባቡ የተሠራና የተከበረ ፌርማታ ለመንገድ ደኅንነት እንደሚጠቅመው ሁሉ ለነዳጅም ይጠቅማል።

ቡራዩ

ቡራዩ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነች። መንገዱ ዳር ካለ ጎሚስታ ዘንድ ቆምን። መምህሩ የጎማ ንፋስ የሚያስለኩት በጠዋት፣ ጎማው ብዙ ሳይሞቅ ነው። ልኩ በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ጎሚስታው ከልማድ የሚሞላው ሳይሆን እሱ ነው ትክክለኛው። በአራቱም ጎማዎች ላይ 10 ፒኤስአይ ቢጎድል የነዳጅ ፍጆታው በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው ጎማ ጠርዙ ቀድሞ ያልቃል፣ በፍጥነት ሲነዳም ሙቀቱ ሊያፈነዳው ይችላል።

ጎሚስታው ጨርሶ ሲነሣ «የአየር ማጣሪያዋንስ ልያት?» ብሎ ኮፈኑን ለመክፈት ጠየቀ። የአየር ፊልትሮ መቆሸሽ ቤንዚን ያስበላል የሚለው አባባል እውነቱ በመኪናው ዕድሜ ይወሰናል። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች፣ እንደ ዲኤክስ ኮሮላ ባሉት፣ አየር ሲታፈን ቤንዚኑ ስለሚበዛ በእርግጥ ያስበላል። ነዳጅ በኮምፒውተር በሚመጠንባቸው መኪኖች ግን የታፈነ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታውን እምብዛም አይለውጥም። መምህሩ ፊልትሮውን ያጸዳሉ፤ ከእሱ የቁጠባ ተአምር ግን አይጠብቁም።

ገፈርሳ ግድብ

ብርዱ ሌላ ነው። ግድቡ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ ነው፤ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚያቀርቡት ቀደምት ግድቦች አንዱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ከቦሌ ተነሥቶ እዚህ የሚደርስ መኪና ከ250 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል። መምህሩ ደብተሩን ገለበጡና ጀርባው ላይ ሠሩልኝ። ከነተሳፋሪው 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 250 ሜትር ለማንሣት 3 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋ ጁል ያህል አለው፤ ሞተሩ ግን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ነው። ስለዚህ ለመውጣቱ ብቻ፣ የሜዳው ፍጆታ ሳይቆጠር፣ ከሲሦ ሊትር በላይ ይሄዳል። ቦሌ ላይ የቀዳ ሰው ገፈርሳ ደርሶ «ይህች መኪና ሌባ ናት» ቢል ፈራጁ ዳገቱን መቁጠር አለበት።

ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ እዚህ ሩብ ያህሉ ጎድሎበታል። ኮምፒውተር ያለው መኪና የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡሬተር ግን በቆላ እንደተስተካከለ ከመጣ ለሳሳው አየር የድሮውን ያህል ቤንዚን ያፈስሳል። ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ ከማርሚታው የሚወጣ የቤንዚን ሽታ ምልክቶቹ ናቸው። ለአዲስ አበባ ከፍታ ካርቡሬተር ማስተካከል የሚያውቅ መካኒክ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

የቤንዚኑ ቅይጥም ቁጥሩን ይለውጣል። ከዚህ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ሱሉልታ አለች። በ2001 ዓ.ም. ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኢታኖል በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የተጀመረው በዚያ ባለ ዴፖ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል የሚይዘው ጉልበት ከቤንዚን በሲሦ ያህል ያንሳል። 10 በመቶ ሲደባለቅ አንድ ሊትር የሚያስኬደው ርቀት 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያተርፋል፤ ደብተር ለሚይዘው ደግሞ ቁጥሩ ያለ መኪናዋ ጥፋት ሊወርድ እንደሚችል ያስተምራል።

ወደ ሆለታ ቁልቁል

ከገፈርሳ በመናገሻ በኩል ወደ ሆለታ መንገዱ ከፍ ዝቅ እያለ በጠቅላላው ያዘቀዝቃል። በያሪሷ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው የማሳያ መስኮት የዚያችን ቅጽበት ፍጆታ ታሳያለች። ሽቅብ ሲሆን ቁጥሩ ይዘላል። ቁልቁል ማርሽ ላይ እያለች እግራቸውን ከነዳጅ ሲያነሡ ዜሮ ይላል።

«ማርሽ ዜሮ ቢያደርጉትስ? ብዙ ሾፌር እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አልኩ።

«ተመልከት» አሉ፤ ግን ማርሹን አልነኩም። «ማርሽ ላይ ስትሆን ሞተሯን የሚያዞራት መንገዱ ነው፤ ኮምፒውተሯ ቤንዚኑን ዘግታዋለች። ዜሮ ካደረግኩባት ሞተሯ እንዳትጠፋ በሚኒሞ መቀጣጠል አለባት፤ ያን ጊዜ ትበላለች። ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል።»

ቁልቁለት በማርሽ ዜሮ መንዳት ቁጠባ ነው የሚለው እምነት ሰው ያስጨርሳል። ፍሬን ሲግል መያዝ ያቅተዋል። በካርቡሬተር መኪናም ቢሆን በማርሽ መውረድ ሕይወት ያተርፋል፤ ኮምፒውተር ባለው መኪና ደግሞ ቤንዚንም ያተርፋል።

ከወዲያ የድንች ጆንያ በፖርቶመጋላ የጫኑ መኪኖች ይመጣሉ። ጭነት በጣራ ላይ ሲሆን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ንፋስ ይይዛል፤ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ዋጋው በፍጥነት ያድጋል። ባዶውን ፖርቶመጋላ ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ለንፋስ ይከፍላል።

ሆለታ፣ እኩለ ቀን

መምህሩ ከእህታቸው ቤት ሲመለሱ ሻይ ቤት ተቀመጥን። መቁጠሪያው ያሳየውን ኪሎ ሜትር ይዤ «አሁን ሞልተን ብናካፍለውስ?» አልኩ። ሁለት ምክንያት ሰጡኝ። አንደኛው፣ ሆለታ ከገፈርሳ 200 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ልኬት እንዲቃና በወጡበት መመለስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። መቅጃው በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ ግማሽ ሊትር ሊሳሳት ይችላል። አምስት ሊትር በተቀዳበት ላይ ግማሽ ሊትር 10 በመቶ ስሕተት ነው። አርባ ሊትር ላይ ግን ከ1 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ነው በአጭር ጉዞ የሚገኝ ቁጥር የማይታመነው። ትክክለኛው መንገድ ታንኩ ወደ ሩብ እስኪወርድ መንዳት፣ በዚያው ማደያ፣ ቢቻል በዚያው መቅጃ መሙላት፣ ከዚያ ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ ማካፈል ነው። 420 ኪሎ ሜትር በ35 ሊትር ከሆነ በሊትር 12 ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ደግሞ አለ። እኛ «ሊትሯ ስንት ትሄዳለች» እንላለን፤ የያሪሷ መስኮት ግን ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደምትፈጅ ይናገራል። በሊትር 8 የምትሄድ መኪና ተስተካክላ 10 ብትሄድ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 2.5 ሊትር ታተርፋለች። 16 የምትሄደው 18 ብትሄድ የምታተርፈው 0.7 ሊትር ብቻ ነው። ሁለቱም «በሁለት ተሻሻሉ» ይባላል፤ ኪስ ውስጥ የሚገባው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል። ለጥገና ገንዘብ ያለው ቤተሰብ መጀመሪያ ብዙ የምትበላዋን መኪና ይጠግን።

መልስ

በመልሱ መንገድ ደብተሩን ሳገላብጥ ቆየሁ። ቁጥሮቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ «አስተያየት» የሚለው ዓምድ ይተረጉማቸዋል። «ክረምት፣ ጭቃ።» «የበዓል ሰሞን፣ መንገድ ተዘግቶ።» አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ በተከታታይ ወርዷል፤ ከጎኑ «የኋላ ቀኝ ጎማ ይግላል» ተጽፏል። ፍሬኑ ይዞ ኖሯል። ከጉዞ በኋላ የአራቱን ጎማ ቸርኬ በእጅ ጀርባ ጠጋ ብሎ መሞከር፣ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ጋራዥ መሄድ፣ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። ሌላ ገጽ ላይ «ቴርሞስታት ተመለሰ» ይላል። አንዳንድ ጋራዥ መኪና እንዳትሞቅ ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። በገፈርሳ ብርድ ሞተሯ ሳትሞቅ ከቀረች ኮምፒውተሯ ገና አሁን እንደተነሣች ቆጥራ ቤንዚን ታበዛለች።

ይህ ደብተር የመያዝ ነገር የአንድ ጡረተኛ ልማድ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። አገራችን የምትጠቀምበት ቤንዚንና ናፍታ ከውጭ የሚገባ ነው፤ አብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። እንግዲህ አሁን በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ እያረጁም ይሄዳሉ። የሚያረጅ ነገር ሕመሙ ቶሎ እንዲታወቅ መዝገብ ያስፈልገዋል፤ የነዳጅ ደብተር ደግሞ ድምፅ ከመሰማቱ፣ ጭስ ከመታየቱ በፊት ይናገራል።

ባለመኪና የሆነ አንባቢ ከሚቀጥለው ሙላት ይጀምር። «ቀጭ» ሲል ያስቁም፣ መቁጠሪያውን ዜሮ ያድርግ፣ ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ፣ መንገዱንና ጭነቱን በአንድ ቃል ያስታውስ። ጥቂት ሙላት ካለፈ በኋላ የመኪናውን ልክ ያውቀዋል። ጋራዥ ሲሄድም «ቤንዚን ትበላለች» ብሎ ለግምት አይዳረግም፤ ገጹን ገልጦ «እስከዚህ ድረስ 12 ነበረች፣ ከዚህ ወዲህ 9 ሆናለች» ይላል። መካኒኩ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች መሥመር ነው፤ ሲጨርስም የሚመዘነው በዚያችው ደብተር ቀጣይ ገጽ ነው።