ስሟን ማን ልበል?

ዛሬ እምዬን ቀበርናት። የጋፋት ልጆች ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ መታጠፊያው ላይ ቆሎዋን ዘርግታ የምትቀመጠዋ እምዬ። ሩቅ ያላችሁት ከጧት ጀምሮ ስትደውሉልኝ ነበር፤ ስልክ ያላነሣሁት ለዚህ ነው። አልታመመችም፣ አልተሠቃየችም። ትናንት ጉልቷ ላይ ነበረች፤ ዛሬ ጧት አልተነሣችም።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ የምጽፈው ግን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነው ነገር ነው።

ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል መምሬ ቀና አሉና «የክርስትና ስሟን ማን ልበል?» ብለው ጠየቁ። ዝም። እርስ በርስ ተያየን። እዚያ ከቆመው ሰው ግማሹ ከእጇ ቆሎ እየተዘገነለት ያደገ ነው። እምዬ የሚለውን የማያውቅ የለም። የመታወቂያ ስሟን የእድር ሰዎች ያውቁታል። የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ጠፋ። ልጅ አልወለደችም፤ የንስሐ አባቷም ካረፉ ሰንብተዋል። አንዲት እናት «እንግዲህ ወለተ ማርያም በሏትና ይለፍ፤ ግማሹ ሴት ወለተ ማርያም አይደል» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ተቆጡ፤ «ቢሳሳትስ? በሰው ስም ልትሰዷት ነው?» በለቅሶ መሀል ሳቅ ያመለጠው ሰው ብዙ ነበር፤ እኔም አንዱ ነኝ። እምዬ ብትሰማ ከሁላችንም በላይ ትስቅ ነበር፤ ያንን ጥርሷን በነጠላዋ ሸፍና።

መምሬ አልሣቁም። መጽሐፉን በእጃቸው እንደያዙ ጠበቁ።

ስሙ ለምን እንደሚደበቅ ለእናንተ አልነግርም። የእናቶቻችንን ፍራቻ ታውቁታላችሁ፤ የክርስትና ስምህን ያወቀ ክፉ ሰው ይደግምብሃል፣ ያስደግምብሃል። እኔ የራሴን የሰማሁት ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ ካበቃሁ በኋላ ነው። እናቴ በሩን ዘግታ ጆሮዬ ሥር ተናገረችኝና «ከአፍህ እንዳይወጣ» አለችኝ። ሌባ እንዳይወስደው የተሸሸገ ብር ይመስል ስንት ዓመት ይዤው ዞርኩ። አሁን እንደገባኝ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምንጠራበትን ስም ደብቀን በሌላ ስም ስንጠራራ የምንኖር ሕዝብ ነን።

ያን ጊዜ ነው ሐሳቤ አንጾኪያ የሄደው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11ን የምታነቡ ታውቁታላችሁ። ክርስቲያን የሚለው ስም መጀመሪያ የተሰማው እዚያ ነው። ማን እንዳወጣው ግን መጽሐፉ አይናገርም፤ ተባሉ ነው የሚለው። አማኞቹ እርስ በርስ የሚጠራሩበት ስም ሞልቷቸው ነበር፦ ወንድሞች፣ ደቀ መዛሙርት፣ ቅዱሳን፣ መንገዳቸውንም «መንገዱ» ብቻ ይሉት ነበር። ክርስቲያን የሚለው ቃል በመላው አዲስ ኪዳን ውስጥ ያለው 3 ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ይኸው የአንጾኪያው ነው። ሁለተኛው ከንጉሥ አግሪጳ አፍ የወጣ ነው፤ ጳውሎስ ታስሮ ፊቱ ቆሞ ሳለ፣ ልታደርገኝ ነው ወይ በሚል ዓይነት የተናገረው። ሦስተኛው በጴጥሮስ መልእክት ነው፤ በዚህ ስም መከራ የሚቀበል አይፈር ይላል አሳቡ። በሚያሳፍር ስም ካልተጠሩ አትፈሩ አይባልም። ብዙ ሊቃውንት ስሙን ያወጡት ከውጭ ሆነው የሚያዩዋቸው ሰዎች ናቸው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም አምናለሁ።

አንጾኪያ ከሮምና ከእስክንድርያ ቀጥላ በትልቅነቷ የምትጠቀስ ከተማ ነበረች። ሶርያዊው፣ ግሪኩ፣ አይሁዳዊው፣ የሮም ወታደሩ፣ ነጋዴው የሚጋፋባት። እዚያ ነው እንግዲህ ከቆጵሮስና ከቀሬና የመጡ ሰዎች ለአይሁድ ብቻ ሳይሆን ለግሪኮችም መስበክ የጀመሩት። አይሁዳዊና ግሪክ በአንድ ማዕድ ሲቀመጡ ያየ ጎረቤት ምን ብሎ ይጥራቸው? አይሁድ ናቸው እንዳይላቸው ግሪኩ አለ፤ ግሪክ ናቸው እንዳይላቸው አይሁዱ አለ። ሁልጊዜ የሚያነሡት የአንድ ሰው ስም ነው፤ በዚያው ጠራቸው። ቅጥያው ከላቲን የመጣ ነው፤ የእገሌ ሰዎች፣ የእገሌ ወገኖች እንደማለት። ወንጌል ላይ የሄሮድስ ወገኖች የሚባሉት ስማቸው እንደዚያው የተሠራ ነው።

ለደብረ ታቦር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ከጋፋት አጠገብ ያለችው ከተማችን የራስ ጉግሣ፣ ኋላም የራስ ዓሊ መቀመጫ ነበረች። ያኔ ሰው ሲጠየቅ የማን ሰው ነህ ነው የሚባለው። በማን ጋሻ ሥር እንዳለህ፣ የማንን እንጀራ እንደምትበላ። የአንጾኪያ ጎረቤትም ያየው ይህንኑ ነው፤ እነዚህ የክርስቶስ ሰዎች ናቸው። የተሰቀለ ሰው ጭፍሮች ናቸው ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ጆሮ ይህ ምን ዓይነት ስድብ እንደሆነ አስቡት።

ስም ካነሣሁ አይቀር አንድ የቆየ ቅሬታዬን ላውጣው፤ ዛሬ የሚቆጣኝ የለም።

ከጋፋት ነኝ ስል ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነው፦ «መድፉ ያለበት?» መድፉ እኮ መቅደላ ነው ያለው! ከ150 ዓመት በፊት ከዚህ ወጥቷል፣ አልተመለሰም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ደግሞ ምሳሌው ነው። እኛ ጋ የቀረው ኮረብታው ነው። የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ አልጠላም፤ አያቶቻችን የጎተቱት፣ ገደል ለገደል መንገድ እየቆረጡ 7 ቶን የሚሆን ብረት እስከ መቅደላ ያደረሱት ሥራ ነው፤ እኮራበታለሁ። ግን አንድ አገር በአንድ መድፍ ብቻ ሲጠራ ያመኛል። የሠሩትን ሰዎች ማን ያነሣቸዋል?

ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ መድፍ ሊሠሩ አልመጡም። በባዝል አጠገብ ያለው የቅድስት ክሪሾና የወንጌል ማኅበር ልጆች ናቸው። ማኅበሩን በ1840 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሰው ስም፣ ልብ በሉልኝ፣ ክርስቲያን ነው፤ ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር። ጎንደር ተቀምጦ የነበረው፣ ኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ነው ወደዚህ ያሻገራቸው። የእጅ ሙያ ይዘው፣ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጡ። አፄ ቴዎድሮስ መጽሐፉን አልናቁም፤ የፈለጉት ግን እጃቸውን ነው። መንገድ ሠሩ፣ ወጣቶቻችንን ሙያ አስተማሩ፣ በመጨረሻም መድፍ ሥሩ ተባሉ። አናውቅም አሉ፤ እውነትም አያውቁም ነበር። ማቅለጫው እምቢ እያላቸው ደጋግመው ሞከሩ። በ1867 እ.ኤ.አ. ሴባስቶፖል ከዚሁ ከኮረብታችን ወጣ።

ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ ስሰማ እሥቅ ነበር። አሁን አልሥቅም። የክርስቶስ ሰው ነኝ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው፣ ሌሊት ጋፋት ላይ ተኝቶ፣ ነገ ብረቱ ይቀልጥልኝ ይሆን እያለ ሲገላበጥ ይታየኛል። ከመካከላቸው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባለው ከመቅደላው ጦርነት በኋላ ሊባኖስ ገባ፤ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አርጅቶም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ያን ጊዜ እንደዚያ ያለውን ሕመምተኛ ሰው በሰንሰለት ያስረው ነበር። ጋፋት ላይ ብረት ያቀለጠ እጅ ሰው ከብረት ፈታ። ይህን የሚያወራ አስጎብኚ አንድ ቀን ባገኝ በቆሎ ጠብሼ አበላዋለሁ።

የት ነበርኩ? አንጾኪያ።

ቴዎፍሎስ ካልኩ አይቀር፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንጾኪያ ጳጳስ የነበረ ሌላ ቴዎፍሎስ አለ። ክርስቲያን በመባሉ ሲሥቁበት፣ እኛ እንዲህ የተባልነው በእግዚአብሔር ዘይት ስለተቀባን ነው ብሎ መለሰላቸው። ክርስቶስ ማለት የተቀባ ማለት ነውና። የእኛም ሕፃናት ከውኃው ሲወጡ ሜሮን ይቀባሉ፤ ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80። ደግሞ እኮ አማርኛችን የሚገርም ነው፤ ሃይማኖቱም ክርስትና ነው፣ ጥምቀቱም ክርስትና ነው። ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ እንላለን። ወድቆ እንደነበረ ሁሉ፣ ተነሣ። ክርስትና የሚለውን ቃል ራሱን፣ እስካሁን በተገኙ ጽሑፎች፣ መጀመሪያ የጻፈው የዚያችው የአንጾኪያ ጳጳስ ቅዱስ አግናጥዮስ ነው፤ ለአራዊት ሊሰጥ ወደ ሮም ሲነዳ በጻፋቸው መልእክቶች። መባሉ ሳይሆን ሆኖ መገኘቱ ነበር የሚያስጨንቀው። በዚያው ዘመን፣ በ112 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ፕሊኒ የሚባል የሮም አገረ ገዥ ሰዎችን እያቀረበ ክርስቲያን ነህ ወይ እያለ 3 ጊዜ ይጠይቅ ነበር። 3 ጊዜ አዎ ያለ ይገደላል። ለቄሣር ትራጃን ደብዳቤ ጽፎም ስሙ ብቻ ያስቀጣል ወይስ በስሙ የተሠራው ጥፋት ብሎ ጠይቆታል። ስምህን ተናግረህ የምትሞትበት ዘመን ነበር፤ እኛ ደግሞ እንዳንሞት ስማችንን እንደብቃለን።

ቤተ ክርስቲያን የሚለውንም አስቡት። ግሪኮቹ ጉባኤ በሚል ቃል ነው የሚጠሯት። የእኛ አባቶች የክርስቲያን ቤት አሏት። በሰዎቹ ስም።

አንጾኪያ ዛሬ አንታክያ ትባላለች፣ ቱርክ ናት። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጡ እንዴት እንደሆነች ሁላችን በቴሌቪዥን አይተናል።

ዛሬ ግን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11፣ ቁጥር 26 ላይ ክርስቲያን የሚለው ስም ይወጣል። ከዚያ አጋቦስ የሚባል ነቢይ ይመጣል፤ ረኃብ ሊመጣ ነው ይላል። በሮሙ ቄሣር በቀላውዴዎስ ዘመን ሆነ። ክርስቲያን የተባሉት ሰዎች ስም ከወጣላቸው በኋላ ሲያደርጉት የምናየው የመጀመሪያ ነገር፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥቶ በይሁዳ ላሉ ወንድሞች መላክ ነው። ስብከት አይደለም፣ ክርክር አይደለም፣ እርዳታ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። ዛሬ ቆሜ ሳለሁ ነው አጠገብ ለአጠገብ መሆናቸውን ያየሁት።

እምዬ እኮ የጋይንት ሰው ናት። በ77ቱ ረኃብ ነው በእግሯ የመጣችው።

እና አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። መምሬ እንደጠበቁ፣ አንድ ልጅ ሮጦ ወደ በሩ ሄደ። ከአጥሩ ውጭ እትየ ቆማለች፤ የእምዬ ጎረቤት፣ ሙስሊሟ እትየ። ከሌሎቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ለቀብር መጥታ እንደ ወጉ ውጭ ነበረች። ልጁ ምን እንዳላት አላውቅም። ተመልሶ መጣና መምሬን ጆሯቸው ላይ ነገራቸው።

ኋላ ጠየቅኳት። እምዬ ያኔ የወደቀችው በእነሱ ደጅ ነው። የእትየ እናት ናት አንሥታ ያስገባቻት፣ አጥሚት ያጠጣቻት። እምዬ አልተርፍም ብላ አሰበች። «እናቴን እጇን ይዛ፣ ከሞትኩ ለቄስ ንገሩልኝ ብላ ስሟን ነገረቻት» አለችኝ እትየ። «እናቴ ስትሞት ለእኔ አስረከበችኝ። አደራ ነው ብላ።» እምዬ ለ40 ዓመት ለሌላ ጎረቤት ያልነገረችውን ስም፣ ቡና እየጠጡ፣ ረመዳንና ሁዳዴ እየተፈራረቀ፣ ሁለት ሙስሊም ሴቶች ጠበቁላት።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ለመምሬ ብቻ የተላከ ነው።

መምሬ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር ሲጠሯት። ወለተ ማርያም አልነበረችም።

ሠልስቷ ከነገ ወዲያ ነው። ደብረ ታቦር ያላችሁ ኑ። እትየን ስታገኟት እጇን ሳሙልኝ፤ እኔ ዛሬ አልቻልኩም።