ጥያቄውን ያወጣ ሰው ፋይሉንም ራሱ ያዘጋጅ

ዛሬ እናንተም አስተማሪ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ ሃምሳ ጥያቄ ሙድል ላይ አንድ በአንድ ከመሙላት የሚገላግለን ነገር የለም?»

አለ እንጂ። ኤይከን ይባላል። ኖትፓድ ትከፍታላችሁ። ጥያቄው በአንድ መስመር ይጻፋል፣ ቁጥር አያስፈልገውም። ምርጫዎቹ በየራሳቸው መስመር፣ ከፊታቸው ትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጥብና ክፍት ቦታ። ከመጨረሻው ምርጫ ሥር «አንሰር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ትጽፉና ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ የመልሱን ፊደል ታስቀምጣላችሁ። አለቀ። አንድ ትክክለኛ መልስ ላለው የምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ለማዛመድና ለባዶ ቦታ ሙላ ጊፍት የሚባል ሌላ አጻጻፍ አለ።

አማርኛ የምናስተምር ሰዎች የምንቸገረው እዚህ ጋ ነው። ጥያቄውም ምርጫውም በአማርኛ ቢሆን ሙድል ምንም አይልም፤ ከምርጫው ፊት ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ካላችሁ ምርጫ መሆኑን አያውቅም። የሚያውቀው ከኤ እስከ ዜድ ያለውን ብቻ ነው። ሁለት ነጥቡም የእንግሊዝኛው ይሁን፣ የግዕዙ አይሠራም። ሴቭ ስታደርጉ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን እዩ፤ አለበለዚያ ፊደላችሁ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠብቃችኋል። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ፈተና ካላችሁ ደግሞ ኮፒ ለማድረግ አትድከሙ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እነዚያ ፎንቶች ግን የላቲንን ፊደል የግዕዝ መልክ አልብሰው ነው የሚያሳዩን። ኖትፓድ ላይ ስትለጥፉት ልብሱ ይወልቃል፣ የማይነበብ ነገር ይቀራል። እንደገና መተየብ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። የፊደል ወይም የነጥብ ግድፈት ካለ ሙድል የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁን ልንገራችሁ።

«ከሚከተሉት ውስጥ ግስ የሆነው የቱ ነው? ሀ. በላ ለ. ሮጠ ሐ. ቤት መ. ሀ እና ለ።» ወረቀት ላይ ስንት ዘመን ስናወጣው የኖርነው ዓይነት ጥያቄ ነው። ፊደሎቹን ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ ብትጭኑት ያለምንም ኮሽታ ይገባል። ኩረጃ ይቀንሳል ብለን ደግሞ ምርጫዎቹ ለየተማሪው እንዲቀያየሩ እናደርጋለን። አንዷ ተማሪ ጋ ቤት አንደኛ፣ ሮጠ ሁለተኛ፣ በላ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል። አራተኛው «ኤ እና ቢ» ይላል። እሷ ጋ ኤ እና ቢ ማለት ቤት እና ሮጠ ነው! በደንብ ያነበበችው ልጅ ትተወዋለች፤ ዜሮ ታገኛለች። ሳያነብ የነካው ነጥብ ይወስዳል። «ከላይ ያሉት ሁሉ» የሚለውም ከላይ ምንም ሳይኖር አንደኛ ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ነጥብ የጣለች ተማሪ ቅሬታ አቅርባ «ሲስተሙ ነው ያረመው» ተብላ ስትመለስ አይቻለሁ። ሲስተሙ ምን ያርማል? የተሰጠውን ነው።

የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ትምህርት ክፍል ለተማሪዎቹ መለማመጃ ፈተና በኮምፒውተር ያዘጋጃል። በየቦታው የማየው አሠራር ታዲያ መምህሩ ዎርድ ፋይሉን ለላብ ቴክኒሻኑ ወርውሮ ይሄዳል፣ ቴክኒሻኑ ሌሊቱን ሲያስተካክል ያድራል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ነጥብና ኮሎኑን አይስትም። ግን ሦስተኛው ምርጫም መልስ ሊሆን እንደሚችል በምን ይወቅ? «ሀ እና ለ» የሚለውን «በላ እና ሮጠ» ብሎ ለመለወጥስ ማን ፈቀደለት? ፈርቶ እንዳለ ይተወዋል፣ እውነቱን ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የራሳችሁን ጥያቄ ራሳችሁ ጫኑ። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ፕሪቪው ላይ ገብታችሁ እንደ ተማሪ ከአንድ እስከ መጨረሻው ሥሩት፤ መልሱን እያወቃችሁ ከተሳሳታችሁ የቱ ጋ እንደሆነ እዩት።

የሒሳብ መምህራን፣ የእናንተ የእኩል ይሆናል ምልክት ጊፍት ውስጥ የራሱ ጣጣ አለው። እሱን ለብቻው እጽፍላችኋለሁ፤ እስከዚያው ኮመንት ላይ ያስቸገራችሁን ጣሉልኝ።