ግማሽ ስኮላርሺፕ ስንት ብር ነው?

በቤታችሁ ከዩኒቨርሲቲ መልስ የሚጠብቅ ሰው ካለ በቀላሉ ትለዩታላችሁ። እራት ላይ ስልኩን ከሳህኑ ጎን የሚያስቀምጠው፣ ማታ ደግሞ ያለ ልማዱ የሚያመሸው እሱ ነው። ማምሸቱ ምክንያት አለው። የምሥራቅ አሜሪካ ቢሮዎች የሚከፈቱት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚዘጉት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ። «እንኳን ደስ አለዎት»ም ሆነ «እናዝናለን» የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ልጅ ተኝቶ ዕቃው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው። ዘንድሮ በእኛ ቤት ያ የሚያመሸው ሰው እኔ ነኝ።

የምኖረው ቡራዩ ነው። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ባለቤትና የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለኝ። በማኔጅመንት ከተመረቅኩ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከትኩት አሜሪካ ለሚገኙ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለእንግሊዙ የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕና እዚሁ አዲስ አበባ ለሚሰጥ የማታ ትምህርት ነው። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ሒሳቡ ነው። ስለ ሒሳቡ በግልጽ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው። የሄደ ሰው የምረቃ ፎቶ ይልካል፣ የቀረ ሰው ዝም ይላል።

ማመልከቱ ራሱ ገንዘብ ይበላል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ከሆነ ትራንስክሪፕት ይላክልኝ ስትሉ የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ይነሳል፤ ያንን ቀደም ብላችሁ ጨርሱት። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ዶላር ነው። ነገር ግን ክፍያው ይነሳልኝ ብሎ በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፣ ነውርም አይደለም። እኔ ከሁለቱ ለአንደኛው ምንም አልከፈልኩም፤ የጠየቅኩት በሦስት መስመር ነው። ለቼቭኒንግ ማመልከት ደግሞ በነፃ ነው። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም ወደ አገር ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ባለቤቴ ይህንን ሲሰማ «ይኼኛውስ መመለሻ አለው» አለ። ቀልድ አስመሰለው እንጂ ቀልድ አልነበረም።

እማዬ የምትኖረው ሰበታ ነው። ለእሷ ትምህርት ማለት ባሕር ማዶ ነው፤ የማታውን ነገር ከቁም ነገር አትቆጥረውም። አልፈርድባትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ሰው ሻንጣውን ይሸክፍ ነበር፤ በአብዛኛው የሚከፍልለትም መንግሥት ወይም የውጭ ድርጅት ነበር። እሷ በወጣትነቷ ያየችው ማስተርስ አውሮፕላን የሚሳፈር፣ ሰው የሚሸኘውና ሰው የሚቀበለው ነው። አሁን ከፋዩ እኛ መሆናችንን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። በተለይ «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ከተጠራ በኋላ።

ግማሽ ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር አለ። ለጆሮ ያምራል። ከሁለቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንደኛው የካቲት ላይ ሳይቀበለኝ ቀረ። ሁለተኛው መጋቢት ውስጥ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ20 ላይ መልስ ላከ፦ ተቀብለውኛል፣ የትምህርት ክፍያውንም ግማሽ ያነሱልኛል። የቀረውን ግማሽ፣ ኑሮውንና የጤና ኢንሹራንሱን ስደምረው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ 24 ሺህ ዶላር ከእኔ ይፈለጋል።

አሁን ወደ ብር እንምጣ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ 24 ሺህ ዶላር 1,368,000 ብር ይመጣል። ክረምቱ ሳይወጣ ዶላሩ 100 ብርን አለፈ። በ100 ብር ብቻ ብንመታው እንኳ 2,400,000 ብር ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ከዚያ ሐምሌ በፊት የሄደች ጓደኛዬ «እኔ እኮ በግማሽ ስኮላርሺፕ ነው የተማርኩት፣ ይቻላል» ስትለኝ ውሸቷን አይደለም። እሷ ያወራችው በ57 ብር ነው።

ገንዘቡን እየሠራሁ እከፍላለሁ የሚለውም ሐሳብ ብዙ አያስኬድም። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ፎርም የሚሰጠው የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ማስረጃ ስታሳዩ ነው። ከዚያ ለተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት 350 ዶላር፣ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ የቪዛው ክፍያ ቪዛ ቢከለከሉም አይመለስም። እዚያ ከደረሱ በኋላ ተማሪ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። ባለትዳር ለሆናችሁ ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፦ በተማሪ የትዳር ጓደኛ ቪዛ የሚገባ ሰው መሥራት አይችልም። ልጅ ትምህርት ቤት መግባት ትችላለች፣ አባቷ ግን ቤት ይቀመጣል። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ በክፍል ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ አብዛኞቹ የውጭ ተማሪዎች ቤተሰብ ይዘው እንዳይገቡ ከልክላለች። በመንግሥት ስኮላርሺፕ የሚማሩት ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ቼቭኒንግ የቤተሰብ ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ ጥያቄው «ልሂድ ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ማን ከማን ጋር ለምን ያህል ጊዜ ይለያያል?» የሚልም አለበት።

እኛ ያለን ገንዘብ ዕቁብ ነው። ሱሉልታ በማኅበር ያገኘነው ቦታ ላይ መሠረቱ ወጥቶ ቆሟል። የዘንድሮው ዕቁብ ለብሎኬቱ ነበር የታሰበው። ብንሰበስበው፣ መሠረቱን ብንሸጠው፣ ከዘመድ ብንበደር እንኳ የአንዱን ዓመት ወጪ አይሞላም፤ ትምህርቱ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው።

ጥር ላይ፣ ማንም ገና መልስ ሳይልክ፣ አንድ እሑድ እማዬ ጋ ቡና እየጠጣን ይህ ሁሉ ተነሳ። እማዬ ሲኒውን አስቀምጣ «ግማሹን ግቢ እሸጠዋለሁ፤ እኔ ለጎመንና ለዶሮ ይኼ ሁሉ ቦታ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ባለቤቴ ቀስ ብሎ «እማማ፣ ሰርቪሶቹ ያሉት እኮ በዚያ በኩል ነው» አላት። አባቴ ከመሞቱ በፊት የሠራቸው ሦስት ክፍሎች ናቸው፤ እማዬ የምትኖረው በኪራያቸው ነው። «እሱስ አልጠፋኝም» አለች፤ «ልጄ ስትማር ግን እኔ ምን እሆናለሁ? እናንተ አላችሁኝ።» ማናችንም አልመለስንላትም። ሦስተኛው እስኪጠጣ ልጄ ብቻ ናት ያወራችው።

ከሰበታ ወደ ቡራዩ የሚያመጣን መንገድ ከዓለም ገና በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎችና በዊንጌት ዞሮ አስኮ ያደርሳል፤ እሑድ ማታ እንኳ ለማሰብ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ቤት እንደገባን ባለቤቴ የልጅቷን ደብተር ከኋላ ገልጦ «አሁን እንጻፈው» አለ። ለምን አሁን? ስለው «ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ሒሳብ መሥራት አንችልም» አለኝ። ቢዝነስ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው።

የጻፍነው አጭር ነው። የእማዬን ግቢ አንነካም። የሱሉልታውን መሠረት አንሸጥም። አንድ ዓመት መለያየት እንችላለን፣ ሁለት ዓመት አንችልም። ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ከሆነ ሥራዬን ለቅቄ እሄዳለሁ፤ የሚቀርብኝን ደሞዝም እንደ ወጪ እንቆጥረዋለን። ይህ የመጨረሻው ኮሌጅ ውስጥ ኦፖርቹኒቲ ኮስት እያልን የሸመደድነው ነገር ነው። በፈተና ላይ ቀላል ነበር። የ12 ወር ደሞዝ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመጣው ሞግዚት፣ ስመለስ ሥራ እስካገኝ የሚያልፈው ጊዜ ተደምሮ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ሙሉ ስኮላርሺፕም ነፃ አለመሆኑን አየሁ።

የማታው ትምህርት ርካሽ ነው የሚለውንም እዚያው ቆጠርነው። በሳምንት ሦስት ማታ፣ ሁለት ሴሚስተር 32 ሳምንት ቢሆን በዓመት 96 ማታ ነው። ትምህርቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያልቅ፣ ከ6 ኪሎ ወጥቼ አስኮ ተሰልፌ ቡራዩ ስደርስ ልጄ ተኝታለች። 96 ማታ ተኝታ ነው የማገኛት። በክፍያ ደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ዋጋ ይሉታል ይህን። የምሠራበት ቦታ ያሉትን የሰው ኃይል ኃላፊ ሁለተኛ ዲግሪ ደሞዝን በስንት ከፍ እንደሚያደርግ ጠየቅኳቸው። «አንድ እርከን» አሉኝ። በእኛ ሙያ ዲግሪው የሚጠቅመው ባላችሁበት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ሌላ ቦታ ስታመለክቱ ይመስለኛል። ይህንን ሳትጠይቁ ለየትኛውም ትምህርት አትመዝገቡ።

እንግዲህ ያ የመጋቢቱ ደብዳቤ ሲመጣ ደብተሩ ተጽፎ ነበር። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። እንኳን ደስ አለሽ ብሎ አቀፈኝ፤ ስለ ገንዘቡ በዚያች ሌሊት አንድም ቃል አላወራንም። ደብተሩን ያወጣነው በነጋታው ነው። ግማሹ ስኮላርሺፕ ከጻፍነው ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ለሰጡት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ድረስ ማሰቢያ ጊዜ ለመስጠት ተስማምተዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ወስኚ ብሎ የሚያስጨንቀኝ አልነበረም። ጊዜውን ተጠቀምኩበት። ድጋፉ ይጨመርልኝ፣ ወይም በረዳትነት የምሠራበት ቦታ ይሰጠኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ካልሆነም ቦታዬ ለአንድ ዓመት ይቆይልኝ አልኩ። ቦታው ሊቆይ እንደሚችል፣ ገንዘቡ ግን ለመጪው ዓመት ቃል እንደማይገባበት በትህትና መለሱልኝ። ሚያዝያ 5 ቀን «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» የሚለውን ደብዳቤ ላክሁ። አራት መስመር ነው። ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ለእማዬ የነገርኳት በስልክ ነው። ዝም አለች። ቀጥላ «በእኔ ምክንያት ነው?» አለችኝ። አይደለም ብዬ ማልኩላት። በግማሽ አመነችኝ መሰለኝ። በሳምንቱ ስንሄድ ከሰርቪሶቹ የአንዱን በር ቀለም አስቀብታ ቆየችን፤ ስለ ግቢው ግን ዳግመኛ አላነሳችም።

ይህን የምጽፍላችሁ ግንቦት ውስጥ ነው። ለማታው ትምህርት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ተፈትኜ አልፌያለሁ፤ ምዝገባው መስከረም ነው። ለቼቭኒንግ ቃለ መጠይቁን አድርጌያለሁ፤ መልሱ የሚጠበቀው ከጁን ጀምሮ ነው። እሱ ከመጣ አንድ ዓመት ብቻዬን እሄዳለሁ። ልጄ ከአባቷ ጋር ትቀራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ሰበታ ትውላለች። እማዬ ከአሁኑ አልጋ አዘጋጅታላታለች። ካልመጣ 96ቱ ማታዎች ይጀምራሉ፤ ከሦስቱ ማታ አንዱን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ዕቁቡ ባለፈው ሳምንት ወጥቶልናል፤ ብሎኬቱ ሱሉልታ ወርዷል፣ ግንበኛውም ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳውን ለማቆም ሰኞ እጀምራለሁ ብሏል።