ዘፋኝ የሌለው ባንድ እና የወረቀት ቁርጥራጮቹ

ዘፋኝ የሌለው ባንድ ገና ሲወለድ ከብዙ ጣጣ ይገላገላል። ስሙን ከባንዱ ስም አስቀድሞ ፖስተር ላይ የሚያሳትም የለም፤ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ኮንሰርት የሚያሰርዝ የለም፤ «አሁንስ ለብቻዬ አልበም ልሥራ» ብሎ ጓደኞቹን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድም የለም። ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይ የሚባለውን የቴክሳስ ባንድ በ1999 የመሠረቱት አራት ሰዎች በ2023 ባወጡት አልበም ላይም ያው አራቱ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ሰባትም ስምንትም መቀነሱን ለአንባቢ ትቻለሁ።)

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ባንድ ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ አንዲት ስንኝ አልዘፈነም። አነሳሱን ልይ ብዬ ወደ ኋላ ስሄድ ታዲያ በየመታጠፊያው የሚጠብቀኝ ጽሑፍ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ከናሙና ቅጂ ጋር የተላከች ብጣሽ፣ አልበም ውስጥ ከሥዕል ግርጌ የተጻፈች አንዲት መስመር። እነዚህን አፋቸውን የዘጉ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ሲገፋቸው የኖረው ቃል ነው።

ሙናፍ ራያኒ፣ ማርክ ስሚዝ እና ማይክል ጄምስ የሚድላንድ ልጆች ናቸው። ሚድላንድ በምዕራብ ቴክሳስ ሜዳ ላይ የተሰጣች የነዳጅ ከተማ ናት፤ ፕሬዚዳንት የሆኑት ትንሹ ቡሽም ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው። ሦስቱ ኋላ ኦስቲን ገቡ። በዚያው ሰሞን ክሪስ ህራስኪ የሚባል ድራም መቺ ከሩቅ፣ ከኢሊኖይ ግዛት ከሮክፎርድ፣ ፊልም ሊማር ኦስቲን መጥቶ ነበር። አብሮት የሚጫወት ሰው ፈልጎ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። ማስታወቂያው የሚለው ባጭሩ፣ ሐዘንተኛና ድል አድራጊ የሆነ የሮክ ባንድ ይፈለጋል ነው።

እስቲ ይህችን ወረቀት ረጋ ብለን እንያት። ባንድ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ምን መሣሪያ እንደሚጫወት፣ ስንት ዓመት እንደሠራና ስልኩን ነው። ይህ ሰውዬ የጠየቀው ስሜት ነው፤ ያውም አንድ ቤት ውስጥ አብረው የማያድሩ ሁለት ስሜቶች። ድል ያደረገ ይፎክራል፤ ያዘነ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይቀመጣል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚሆን ማን ነው? ወረቀቷን አይተው «እኛ ነን!» ብለው የመጡት እነዚያ ሦስቱ የሚድላንድ ልጆች ናቸው። ስለ ባንዱ የተጻፈ ብዙ ሂስ አንብቤያለሁ፤ ከዚያች ማስታወቂያ የተሻለ የገለጸው አላገኘሁም። ሙዚቃው ከመፈጠሩ በፊት ሂሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ የያዙት ስም የተዋሱት ነበር፤ ብሬከር ሞራንት፣ በ1980 ከወጣ የአውስትራሊያ ፊልም። በ1999 ጁላይ 4 ማታ ኬቪአርኤክስ በተባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሬዲዮ ጣቢያ ተጫውተው ሲወጡ ከተማው በርችት ይንቀጠቀጣል፤ የአሜሪካ የነፃነት በዓል ነው። ከህራስኪ አፍ «ሰማይ ላይ ፍንዳታ» የሚል ነገር ወጣ። አለቀ፤ ስም ተገኘ። በማግስቱ ወይም በዋዜማው ተጫውተው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በሰው ፊልም ስም ይጠሩ ነበር።

በ2000 መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያ አልበማቸውን በሁለት ቀን ቀርጸው ሦስት መቶ ያህል ቅጂ በሲዲ አባዝተው በየኮንሰርቱ አደሉት፣ ሸጡት። ቀጥሎ የምትመጣው ብጣሽ ወረቀት የሌላ ሰው ናት። አሜሪካን አናሎግ ሴት የሚባል የኦስቲን ባንድ የእነዚህን ልጆች ናሙና ቴምፖራሪ ሬዚደንስ ለተባለው አሳታሚ ሲልክ አብሮ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ዓረፍተ ነገሯ ውዳሴ ናት፤ መካከሏ ላይ ግን እዚህ የማልደግማት ስድብ አለች። አሳታሚው ጄረሚ ዴቫይን ናሙናውን ሰማ፤ አስፈረማቸው። ረጅም የድጋፍ ደብዳቤ አስጽፈው በማኅተም አስደግፈው ሥራ ለሚፈልጉ ሁሉ ልብ የሚሰብር ታሪክ ነው።

ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ ፖስት ሮክ ይሉታል። ስሙን በ1994 ያስለመደው ሳይመን ሬይኖልድስ የተባለ እንግሊዛዊ ሃያሲ ነው፤ የሮክ መሣሪያዎችን ይዞ ሮክ ላልሆነ ነገር ማዋል ማለቱ ነበር። በአሜሪካ ከዚያ አስቀድሞ የሉዊቪሉ ስሊንት፣ በዚያው ዘመን ደግሞ የቺካጎው ቶርተስ መንገዱን ጠርገዋል። አራቱ ሰዎች ግን ስሙን አይወዱትም፤ «እኛ የሮክ ባንድ ነን» ነው የሚሉት። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሚይዙት ጊታርና ድራም ነው፤ ጊታሮቹ ሁለትም ሦስትም ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ጄምስ ቤዝ ያነሳል። አንደኛው ጊታር ጥቂት ኖታዎችን ቀስ ብሎ ይጀምራል። በእግር የምትረገጥ ትንሽ ሳጥን እያንዳንዱን ኖታ ተቀብላ መልሳ መላልሳ ትደግመዋለች፤ ስለዚህ ሌላው ጊታር የሚገባው ገና ባላለቀ ድምፅ ላይ ነው። ሦስተኛው አንዱን ክር ያለ ፋታ ይፈትጋል። ህራስኪ የሰልፈኛ አታሞ በሚመስል ምት ከታች ይገፋል። ስድስት ሰባት ደቂቃ ካባበሉ በኋላ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነሳል፤ ያኔ የድምፁ መጠን ጎረቤት ያስቀይማል።

አጎቴ በአሜሪካ ትራክ ነጂ ነው፤ ከዳላስ ወደ ምዕራብ ሎድ ይዞ ሲሄድ አንድ ጊዜ አብሬው ተሳፍሬ ነበር። ሃያኛው ኢንተርስቴት በሚድላንድና በኦዴሳ በኩል ያልፋል። ግራ ቀኝ ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ የነዳጅ መሳቢያዎች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ቦታውስ ከዚህ ወዲያ የት ይገኛል ብዬ የእነዚህን ልጆች አልበም ከፈትኩ። አጎቴ በትዕግሥት አዳመጠ።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚገባው?» አለ በመጨረሻ።

«ማን?»

«ዘፋኙ ነዋ!»

«ዘፋኝ የለውም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ምን እየጠበቅን ነው?»

ወደ ጥላሁን ገሠሠ ተዛወርን፤ በጥላሁን ዘፈን ማን መቼ እንደሚገባ ይታወቃል። ግን የጋሼ ጥያቄ ከብዙ ሃያሲ ይበልጣል። ሙዚቃው በሙሉ የተሠራው ከመጠበቅ ነው፤ የሚጠበቀው ሰው ደግሞ አይመጣም። ባዶ የቀረውን የዘፋኝ ቦታ አድማጭ በራሱ ነገር ይሞላዋል፤ አንዱ በፍቅሩ፣ አንዱ በሞተበት ሰው፣ አንዱ በኳስ ቡድኑ። አንዳንዱ ደግሞ በትንቢት ይሞላዋል።

ትንቢቱ የመጣው በ2001 ነው። የሁለተኛው አልበማቸው ስም ራሱ ረጅም ነው፤ እውነት የሚናገሩ ይሞታሉ፣ እውነት የሚናገሩ ለዘላለም ይኖራሉ እንደማለት። ሰው የማያወራ ከሆነ ያጠራቀመውን ሁሉ ርዕስ ላይ ያፈሰዋል መሰለኝ። አልበሙ ውስጥ የአውሮፕላን ሥዕል ነበር፤ ከሥሩ «ይህ አውሮፕላን ነገ ይወድቃል» የምትል መስመር። አልበሙ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሴፕቴምበር 11 ሆነ። የቀረውን ወሬ ጨረሰው፤ አልበሙ የወጣው ልክ በዋዜማው፣ ሴፕቴምበር 10 ነው ተባለ። አልነበረም፤ ቀደም ብሎ ነው የወጣው። ወሬ ግን ቀን ማስተካከል ይወዳል። አንድም ቃል ያልዘፈኑ ልጆች በአንዲት መስመር ምክንያት ነቢይ ወይም ተጠርጣሪ ሆነው ቁጭ አሉ።

በ2003 የመጣው አልበም ርዕሱ የዚያ ጭጋግ መልስ ይመስላል፤ ምድር ቀዝቃዛና የሞተች ቦታ አይደለችም ይላል። አምስት ሥራዎች ብቻ ነው ያሉት። የመጀመሪያው የልብ ምት በሚመስል ድራም ይከፈታል፤ የመጨረሻው «ዩር ሃንድ ኢን ማይን» ስምንት ደቂቃ ያልፋል። ለእኔ ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በዚህ ላይ ከሰው ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

ከዚያ ሆሊዉድ ደወለ። ነገሩ ከዚህ የባሰ ሊገጣጠም አይችልም። ኤች ጂ ቢሲንገር የተባለ ጋዜጠኛ በ1990 «ፍራይዴይ ናይት ላይትስ» የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ የኦዴሳ ከተማ ፐርሚያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ1988 የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ታሪክ ነው። ነዳጅ ረክሶ ከተማዋ ደህይታለች፤ ዓርብ ማታ ግን የልጆቹን ጨዋታ ለማየት ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ይሰበሰባል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የከተማ ክብር ትከሻው ላይ ተጭኖበት ይሮጣል። የቢሲንገር ዘመድ የሆነው ፒተር በርግ በ2004 መጽሐፉን ፊልም አደረገው፤ የሙዚቃውን ጉዳይ የያዘው ብራያን ራይትዘል ደግሞ እነዚህን አራት ሰዎች ጠራ። ኦዴሳ ሦስቱ ካደጉባት ከሚድላንድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በፉትቦል ደግሞ የሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ደመኛ ናቸው። የሚድላንድ ልጆች ለኦዴሳ ሙዚቃ ሠሩ ማለት፣ ነገሩን ለሚያውቅ ቴክሳሳዊ፣ ቀላል ቁም ነገር አይደለም።

ፊልሙ ደግሞ የሚያልቀው በሽንፈት ነው። እውነተኛው ቡድን በ1988 በዳላስ ካርተር ትምህርት ቤት የተሸነፈው በግማሽ ፍጻሜ ነበር፤ ፊልሙ ወደ ፍጻሜ አሳድጎ መስመሩ ጫፍ ላይ ያስቀራቸዋል። የሆሊዉድ ሕግ ዋንጫ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ልጆቹ ተሸንፈው እያለቀሱ ከሜዳ ሲወጡ የሚያየው ሰው ያሸነፉ ይመስለዋል። ያ ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው ከጊታሮቹ ነው። ህራስኪ ኦስቲን ሙዚቃ ቤት ውስጥ የፈለገው ባንድ አምስት ዓመት ቆይቶ ሥራውን አገኘ። ፊልም ሊማር የመጣው ሰውዬም በዚሁ በጓሮ በር ፊልም ውስጥ ገባ።

ቃል የሌለው ሙዚቃ የማያውቀው ሰው ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ በፊልም በኩል ነው። በዓመቱ፣ በ2005፣ ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲያሰማ ብዙ ፈረንጅ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን የአዲስ አበባ ድምፅ እንደ አዲስ ግኝት ተቀበለው። ጉዳቱ ሙዚቃው ከዚያ በኋላ የፊልሙ ንብረት መምሰሉ ነው። የእነዚህኞቹማ ባሰ። «ፍራይዴይ ናይት ላይትስ» ከ2006 እስከ 2011 የቴሌቪዥን ተከታታይ ሆነ፤ የመክፈቻ ሙዚቃውን የጻፈው ደብሊው ጂ ስናፊ ዋልደን ነው፤ ግን በእነሱ አኳኋን ስለጻፈው ስንቱ ሰው የእነሱ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ብቻውን የሚሮጥ ልጅ ካሳዩህ፣ ከጀርባው የሚያስተጋባ ጊታር ቀስ ብሎ ይመጣል። የጫማም ይሁን የባንክ ማስታወቂያ፣ ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ። ኮራጆቹ ሐዘኑን ትተው ድሉን ብቻ ወሰዱ፤ ስለዚህም ነው ሁሉም እኩል ባዶ የሚሆኑት።

እነሱ ራሳቸውስ? በ2007 እና በ2011 ያወጧቸው አልበሞች ያንኑ መንገድ ይዘው የሄዱ ናቸው። የ2011ዱ ርዕስ አንድን የስንብት ቃል ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፤ ማሸጊያው ሲታጠፍ ትንሽ ቤት ይሆናል። ውስጡ አንድ ሥራ ላይ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ቃል ግን የለውም፤ እስከዚያ ድረስ ነው የደፈሩት። በ2016 «ዘ ዊልደርነስ» ላይ ሥራዎቻቸውን አሳጥረው ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ቀላቀሉ፤ አንዳንዱ ወዳጃቸው ቅር ተሰኘ፣ እኔ ወድጄዋለሁ። በመካከሉ የፊልም ሥራው ቀጠለ፤ በ2013 ብቻ «ፕሪንስ አቫላንሽ» ከዴቪድ ዊንጎ ጋር፣ «ሎን ሰርቫይቨር» ደግሞ ከስቲቭ ጃብሎንስኪ ጋር። በ2021 በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ስላለው ስለ ቢግ ቤንድ ፓርክ ለተሠራ የሕዝብ ቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ሙዚቃ ሠሩ፤ የፊልሙ ተዋንያን እንስሳት ስለሆኑ በቃል ጉዳይ ላይ ክርክር የተነሳ አይመስለኝም።

በ2023 አልበማቸውን «ኤንድ» አሉት፤ መጨረሻ። ስሙን ያየ ሰው ሊበተኑ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ አውሮፕላን ይወድቃል ያሉ ጊዜ ምን እንደተከተለ የሚያስታውስ ደግሞ ጭራሽ ሊደነግጥ ይችላል። አልተበተኑም። በ2025 ያው ፒተር በርግ በ1857 በዩታ ምድር ስለፈሰሰ ደም ለኔትፍሊክስ «አሜሪካን ፕራይሚቫል»ን ሲሠራ ሙዚቃውን የሰጠው ለእነሱ ነው።

መድረክ ላይ በሥራና በሥራ መካከል አይናገሩም፤ አንዱን ካንዱ እያያያዙ ይጫወታሉ እንጂ። ከመጀመራቸው በፊት ግን ራያኒ ማይክ ፊት ቆሞ የባንዱን ስም ይናገራል፣ ከኦስቲን፣ ቴክሳስ እንደመጡ ይነግራል፣ ያመሰግናል። ዘፋኝ አላቸው ከተባለ እንግዲህ እሱ ነው፤ ግጥሙም ይኸው አድራሻቸው።